የገጽ አብነት፤ ከብራና እስከ ዊኪ

በጎጃም ገጠር ቁም ጸሐፊ የመቃ ብርዑን ከቀለም ከመንከሩ አስቀድሞ የሚያከናውነው ሥራ ብዙ ነው። ቆዳው ተወጥሮ፣ ተፍቆና ደርቆ ብራና ከሆነና በልክ ከተቈረጠ በኋላ፣ ጸሐፊው በቅጠሉ ዳርና ዳር ጥቃቅን ቀዳዳዎችን በእኩል ርቀት በወስፌ ይበሳል። ከዚያም ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው በደነዘዘ የብረት ጫፍ ያለ ቀለም ያሰምራል። አግድም የተሰመረው ፊደላቱ የሚሰለፉበትን፣ ቁልቁል የተሰመረው ደግሞ ዓምዱ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ወሰን ያሳያል። መጽሐፉ ተጽፎ ሲያልቅ የአንባቢው ዓይን የሚያርፈው በጥቁሩና በቀዩ ቀለም ላይ እንጂ በዚያ ቀለም አልባ መስመር ላይ አይደለም። ይሁን እንጂ ገጹን ገጽ ያሰኘው ያ መስመር ነው።

ዛሬ በአንድ መሥሪያ ቤት በኅብረት የሚሠሩ ባለሙያዎች ዕውቀታቸውን ዊኪ በሚባል የጋራ ድረ ገጽ ላይ ሲያኖሩ፣ በብራናው ላይ ወስፌው ይሠራው የነበረውን ሥራ የሚሠራላቸው የገጽ አብነት ነው። አብነት የሚለው ቃል ለአገሩ ሰው ባዕድ አይደለም። ጎጃም የአብነት ትምህርት ቤት አገር ነው፤ የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች ስም ከዳር እስከ ዳር የታወቀ ነው። ተማሪው የመምህሩን አርአያ ተከትሎ የራሱን ቅኔ እንደሚቈጥር ሁሉ፣ ገጽም አብነቱን ተከትሎ የራሱን ቃል ይይዛል።

ከብራና እስከ ዊኪ ባለው ረጅም ጉዞ ውስጥ አንድ ጥያቄ ሳይለወጥ ኖሯል፤ መልሱ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። ይኸውም፣ አብነቱ ሲለወጥ በቀድሞው አብነት የተጻፈው ምን ይሆናል? የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ የገጽን ውበት ብቻ የሚመለከት አይደለም። በተለይ ለመሐንዲስ፣ መዝገቡ እውነተኛ ሆኖ መኖሩ ወይም አለመኖሩ የሚወሰንበት ጥያቄ ነው።

የብራናው ሥርዓት

በኢትዮጵያ ለገጽ አብነት ጥንታዊ ምስክር ከሚሆኑት አንዱ በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ናቸው። በራዲዮ ካርቦን የተደረገው ምርመራ ብራናቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑን አመልክቷል። በነዚህ መጻሕፍት መግቢያ ላይ የቂሣርያው አውሳብዮስ የደለደላቸው ሠንጠረዦች ይታያሉ። አውሳብዮስ አራቱን ወንጌሎች በቁጥር በተለዩ ክፍሎች ከፍሎ፣ በአራቱም የሚገኘውን ታሪክ፣ በሦስቱ የሚገኘውን፣ በሁለቱ የሚገኘውንና በአንዱ ብቻ ያለውን በ10 ሠንጠረዦች አስቀመጠ። እያንዳንዱ ወንጌል የራሱ ዓምድ አለው፤ በአንድ አግድም መስመር ላይ የተሰለፉት ቁጥሮች ስለ አንድ ነገር የሚናገሩ ክፍሎች ናቸው። ሠዓሊዎችም ሠንጠረዦቹን በሕንፃ ዓምዶችና በቅስቶች ከበቧቸው። በአማርኛ ዓምድ የሚለው ቃል ለሕንፃም ለገጽም ማገልገሉ በነዚህ ቅጠሎች ላይ ትርጉሙን ያገኛል፤ ዓምዱ ሕንፃውን እንደሚሸከም ሁሉ የቁጥሮቹንም ሥርዓት ይሸከማል።

አብነት ማለት እንግዲህ ይህ ነው። ቁጥሮቹ ገና ሳይጻፉ፣ ምን ነገር በየትኛው ቦታ እንደሚገኝ ገጹ አስቀድሞ ይናገራል።

የኢትዮጵያ ጸሐፍት አብነትን እንደ ጽሑፉ ጠባይ ማስማማትንም በሚገባ ያውቁ ነበር። መዝሙረ ዳዊት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በብዙዎቹ የዳዊት መጻሕፍት መዝሙሮቹና የነቢያት ጸሎቶች በአንድ ሰፊ ዓምድ ይጻፋሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ስንኝ በራሱ መስመር ላይ እንዲቆም ስለሚፈለግ ነው። ስንኙ ከመስመሩ ቢረዝም ጸሐፊው የተረፉትን ፊደላት ከመስመሩ በላይ ወይም በታች አሳንሶ ያስገባቸዋል እንጂ ሥርዓቱን አያፈርስም። በዚያው ጥራዝ መጨረሻ የሚገኘው ውዳሴ ማርያም ግን ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓምድ ይሰፍራል። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ጸሐፊ፣ ሁለት አብነት ማለት ነው።

ስንክሳር ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። ይህ መጽሐፍ የዓመቱን ዕለታት ተከትሎ የቅዱሳንን ዝክር የሚያሰማ ሲሆን፣ የየዕለቱ ንባብ አጀማመሩ ተመሳሳይ ነው፤ የቅዱሱ ታሪክ ሲፈጸምም ሰላም የሚባለው አጭር ግጥም ይከተላል። ቅርጹ የጸና በመሆኑ ልዩ ልዩ ገዳማት በየጊዜው የራሳቸውን ቅዱሳን ዝክር ሊጨምሩበት ችለዋል። ብዙ እጆች፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ፣ በልዩ ልዩ ዘመን አንድ መጽሐፍ አሳደጉ። በመካከላቸው የነበረው ውል የአብነቱ ቅርጽ ነበር።

ለተነሣው ጥያቄ ብራና የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው። ጸሐፊ አዲስ አሰማመር ቢመርጥ የሚለወጠው አዲሱ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ የቀድሞው በዕቃ ቤት እንደ ነበረ ይቀመጣል። የዚህ ጥቅሙ አሮጌው ምስክርነት ሳይበረዝ መኖሩ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በአሮጌው ውስጥ ያለው ስሕተትም እንዲሁ መኖሩ ነው፤ አንድ ስሕተት ከመቶ መጻሕፍት ይወገድ ቢባል መቶውንም አንድ በአንድ መፋቅ ያስፈልጋል።

ከማተሚያ ቤት እስከ ጽሕፈት መኪና

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም የወጣው መዝሙረ ዳዊት ሲሆን፣ አሳታሚው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያችው ከተማ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በአገር ውስጥ የኅትመት ሥራ ሥር የሰደደው ዘግይቶ ሲሆን፣ በ1914 ዓ.ም. በልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን የተቋቋመው የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ስፍራ ይዟል።

በማተሚያ ቤት የገጹ ሥርዓት ከጸሐፊው እጅ ወጥቶ ወደ ፊደል ለቃሚው እጅ ገባ። የእርሳስ ፊደላቱ በብረት ክፈፍ ውስጥ ተሰድረው ይጠብቃሉ፤ ክፈፉ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ ሺህ ቅጂ ያለ ልዩነት ይወጣል። ሕግን ለማወጅ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አልነበረም። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲመሠረት ገጹ በሁለት ዓምድ ተከፍሎ አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን እንዲሰፍሩ ተደረገ። በዚህ አቀማመጥ አንባቢው የአንዱን አንቀጽ ከሌላው ጋር ሳይደክም ያስተያያል። በ1987 ዓ.ም. የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅም በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ሲኖር አማርኛው የበላይነት እንዲኖረው ደንግጓል። እዚህ ላይ የዓምዶቹ አሰላለፍ ጌጥ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ሕግ የሚነበብበት መንገድ ሆኗል።

የጽሕፈት መኪና ታሪክ ግን በሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። የአማርኛን የጽሕፈት መኪና በመፍጠር ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ያጋጠማቸው ችግር በቁጥር ሊገለጽ የሚችል ነው። የአማርኛ ፊደል 33 ቤት በ7 ዘር ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣል። ለላቲን ፊደል የተሠራው መኪና ደግሞ 40 እና ከዚያ ጥቂት የሚበልጡ መምቻዎች ብቻ ነበሩት። ስለዚህ ፊደሉን ከነቅጥያው በክፍል በክፍል እየመቱ መገጣጠም ግድ ሆነ። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ በርካታ ቢሮዎችን ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ሆኖም የፊደሉ መልክ ከመኪናው አቅም ጋር እንዲሄድ መታጠፉ አልቀረም። ፊደል ይቀነስ፣ ይሻሻል የሚለው ክርክር በዚያ ዘመን እንዲበረታ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለዛሬም ያገለግላል። ከውጭ የመጣ መሣሪያ ከነአብነቱ ይመጣል። ተቀባዩ አብነቱን ለቋንቋው ካላስማማው፣ ቋንቋው ለአብነቱ ይስማማል።

ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ይኸው ጉዳይ እንደገና ተነሣ። ፓወር ግዕዝን፣ ቪዥዋል ግዕዝንና የመሳሰሉትን የጻፉ ባለሙያዎች ፊደሉን ሙሉ መልኩን ይዞ ከማያው መስኮት ላይ አዋሉት፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን የቁጥር ምደባ ይጠቀም ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያን ፊደል በዓለም አቀፍ ምደባው ውስጥ ካስገባ በኋላ ግን አንድ «ሀ» በየትኛውም ኮምፒዩተር አንድ «ሀ» ሆነ። ከዚያ ወዲህ በነጻ ከተሠራጩት የፊደል ቅርጾች አንዱ ዋሸራ መባሉ የጎጃምን የቅኔ ቤት ያስታውሳል።

የዊኪ አመጣጥና አሠራር

አሜሪካዊው የፕሮግራም ባለሙያ ዋርድ ከኒንግሃም የመጀመሪያውን ዊኪ ለሕዝብ የከፈተው እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1995 ነበር። ስሙን የወሰደው በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚመላለሰው ዊኪ ዊኪ ከተባለ አውቶቡስ ሲሆን፣ ቃሉ በሐዋይ ቋንቋ ፈጣን ማለት ነው። የዚያ ድረ ገጽ ዓላማ የሶፍትዌር ንድፍ አብነቶችን መሰብሰብ ነበር። የንድፍ አብነት የሚለው አሳብም ከሕንፃ ሙያ የተቀዳ ነው፤ አርክቴክቱ ክሪስቶፈር አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት መጽሐፍ ከተማንና ቤትን በተደጋጋሚ በሚሠሩ የአሠራር አብነቶች ገልጸው ነበርና።

የዊኪ መሠረታዊ አሳብ አንባቢው ሁሉ ገጹን ከዚያው ካለበት ሊያርመው ይችላል የሚል ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2001 የተጀመረው ዊኪፔድያ ይህን አሳብ በዓለም ዙሪያ አስፋፋው። አማርኛው ዊኪፔድያም በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ተከፍቶ ከ10,000 በላይ መጣጥፎችን ለመያዝ በቅቷል። በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠሩ ቡድኖች ደግሞ ይኸንኑ ሶፍትዌር ወይም የሚመስለውን ወስደው የሥራ መመሪያቸውን፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤያቸውንና የምርመራ ውጤታቸውን ማኖሪያ አደረጉት።

ገጾቹ በሺህ ሲቈጠሩ አንድ ዓይነት መልክ መስጠት አስቸጋሪ ሆነ። ለዚህ መፍትሔ ይሆን ዘንድ የዊኪፔድያው ሶፍትዌር ሜድያዊኪ እ.ኤ.አ. በ2004 አብነቶች ብቻቸውን የሚቀመጡበትን ክፍል አበጀ። በአማርኛው ዊኪፔድያ ይህ ክፍል «መለጠፊያ» ይባላል፤ የስዕሉ ክፍል «ስዕል»፣ የገጾች መመደቢያው «መደብ» እንደሚባለው ማለት ነው። የድረ ገጹን ውጫዊ መልክ፣ ማለትም የአርእስቱን፣ የኅዳጉንና የቀለሙን ሥርዓት ደግሞ የሙያው ሰዎች በእንግሊዝኛ «ቆዳ» ብለው ይጠሩታል። የብራና ጸሐፍት ልጆች ይህን ስም ሲሰሙ ፈገግ ቢሉ አይፈረድባቸውም።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ስለ ሽንዲ ከተማ ገጽ የሚጽፍ ሰው በድርብ ጥምዝ ቅንፍ ውስጥ የአብነቱን ስም ይጽፋል፤ ቀጥሎም ስም፦ ሽንዲ፣ ወረዳ፦ ወምበርማ፣ ዞን፦ ምዕራብ ጎጃም፣ ክልል፦ አማራ እያለ ባዶ ቦታዎቹን ይሞላል። ስለ ሠንጠረዡ ስፋት፣ ስለ ፊደሉ መጠን፣ ስለ ኅዳጉ ቀለም አንድም ቃል አይጽፍም። ገጹ በተከፈተ ቁጥር ማሽኑ አብነቱን ከማኖሪያው ጠርቶ፣ የተሰጡትን ቃላት በየቦታቸው አግብቶ፣ የተሟላውን ሳጥን ለአንባቢው ያሳያል። ስለዚህ መለጠፊያ የሚለው ስም ነገሩን በከፊል ብቻ ይገልጸዋል። የተለጠፈ ወረቀት ከተለጠፈ በኋላ ከመጣበት ጋር ግንኙነት የለውም፤ የዊኪው አብነት ግን ከምንጩ እንዳልተቈረጠ ቦይ ነው። ምንጩ ላይ የተደረገው ነገር በቦዮቹ ሁሉ ይደርሳል።

አብነትን ለአማርኛ ማስማማት

የዊኪ ሶፍትዌር ሲጫን ይዞት የሚመጣው አብነት ለላቲን ፊደል የታሰበ ነው። አማርኛ ጸሐፊ የሆነ ቡድን ቢያንስ በአምስት ነገሮች ሊያርመው ይገባል።

አንደኛው የመስመሮች ርቀት ነው። የአማርኛ ፊደላት አብዛኞቹ የመስመሩን ቁመት ሞልተው የሚቆሙ ስለሆኑ፣ ለላቲን የበቃው ክፍተት ለአማርኛ ይጠባል፤ ገጹም ይጨልማል። ሁለተኛው አጽንዖት የሚሰጥበት መንገድ ነው። ላቲን ጸሐፊ ቃሉን አዘንብሎ ያጐላል፤ የአማርኛ ፊደል ግን ማዘንበል አይስማማውም። የኢትዮጵያ ጸሐፍት ለዚህ ጉዳይ ቀይ ቀለም ነበራቸው፤ አብነቱም የዘነበለውን ሁሉ ወደ ደማቅ ወይም ወደ ባለ ቀለም ፊደል እንዲለውጥ ማዘዝ ይቻላል። ሦስተኛው ተራ ቁጥር ነው፤ ዝርዝር በኤ፣ ቢ፣ ሲ ሳይሆን በሀ፣ ለ፣ ሐ እንዲሄድ የድረ ገጽ የቅርጽ ቋንቋ ራሱ የሃሌታውን ተራ ያውቃል።

አራተኛው ዘመንና ሰዓት ነው። ማሽኑ በራሱ የሚያትመው ቀን የአውሮፓውያን፣ ሰዓቱም ከእኩለ ሌሊት የሚጀምር ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲል የአገሩ ሰው የሚያስበውን ጊዜ ማሽኑ 20፡00 ይለዋል። አሥራ ሦስት ወር ላለው ዘመን አቈጣጠር የሚሆን የቀን መሙያ በአብነቱ ውስጥ ካልተዘጋጀ፣ አንዱ ባልደረባ ዓ.ም. ሌላው እ.ኤ.አ. እያሰበ በአንድ ባዶ ቦታ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይጽፋሉ፤ ልዩነቱም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ይሆናል።

አምስተኛው የስም አጻጻፍ ነው። አንዱ ወምበርማ፣ ሌላው ወንበርማ ይላል፤ አንዱ ጎጃም፣ ሌላው ጐጃም ብሎ ይጽፋል። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ አገር ናቸው፤ ለማሽን ግን ሁለት ናቸው። ከዚህም የተነሣ የአንድ ወረዳ ገጾች በሁለት መደብ ተከፍለው እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ ይቀራሉ። ይህን ለማቃናት አብነቱ ራሱ የተስማሙበትን አጻጻፍ እንዲመርጥ፣ በሌላው አጻጻፍ የሚፈልገውንም ወደዚያው እንዲመራ ይደረጋል። ማንም ጸሐፊ ስሙን በለመደው መንገድ በመጻፉ አይወቀስም፤ መዝገቡም አይበታተንም።

ሕያው አብነትና የተቀዳ አብነት

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ መመለስ ይገባል። አብነቱ ሲለወጥ በቀድሞው የተጻፈው ምን ይሆናል? የዊኪ ሶፍትዌሮች በዚህ ላይ በሁለት ይከፈላሉ። እንደ ኮንፍሉወንስ ባሉት የቢሮ ዊኪዎች የገጽ አብነት የሚያገለግለው ገጹ ሲፈጠር ነው፤ ቅጂው ለአዲሱ ገጽ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ አብነቱ ቢለወጥ አሮጌው ገጽ እንዳለ ይቀራል። ይህ የብራናው መንገድ ነው። በሜድያዊኪ ግን አብነቱ ሕያው ስለሆነ፣ አንድ ሰው አንድ ቃል ሲለውጥበት በሺህ የሚቈጠሩ ገጾች በየተራቸው ይለወጣሉ።

የሕያው አብነት ኃይል በምዕራብ ጎጃም ምሳሌ ይታያል። ቡሬ ወምበርማ ይባል የነበረው ወረዳ ለሁለት ተከፍሎ ቡሬና ወምበርማ ሲሆኑ፣ ሽንዲ የወምበርማ መቀመጫ ሆናለች። በወረቀት መዝገብ የየፋይሉን አርእስት አንድ በአንድ መለወጥ ያስፈልጋል፤ በዊኪ ግን አብነቱ በደንብ የተሠራ ከሆነ ሥራው የአንድ ሰዓት ነው።

አደጋውም ከዚሁ ኃይል ይመነጫል። ይህ አገር በንጉሡ ዘመን የጎጃም ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ዘመን የጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በኋላም በአማራ ክልል የምዕራብ ጎጃም ዞን ተብሎ ተጽፏል። አውራጃ የሚለውን የባዶ ቦታ ስም አንድ ባልደረባ ዞን ብሎ ቢለውጠው፣ ስለ 1950ዎቹ ዓ.ም. የተጻፈው ገጽ ሁሉ በዚያ ጊዜ ያልነበረ ዞን ያሳያል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሌላ አለ። ዊኪ የገጹን የቀድሞ ቅጂዎች ስለሚያስቀምጥ ብዙ ሰው መዝገቡ የተጠበቀ ይመስለዋል። ሜድያዊኪ አሮጌውን ቅጂ ሲያሳይ ግን የሚያለብሰው የዛሬውን አብነት ነው። ቃሉ የትናንት፣ መልኩ የዛሬ ይሆናል።

ይህ በአስተዳደር መዝገብ ላይ ቢደርስ ግርታ ነው፤ በምህንድስና መዝገብ ላይ ቢደርስ ግን ሕይወትን የሚነካ ነው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ ትናንሽ ድልድዮችን የሚመረምር አንድ ቡድን የኮንክሪት ናሙና ውጤት በዊኪ ይመዘግባል እንበል። አብነቱ የጥንካሬው መለኪያ ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲሜትር ነው ይላል፤ ባልደረቦቹም 250 እያሉ ይሞላሉ። ከዓመታት በኋላ አዲስ የመጣ ባለሙያ የአገሩን የሕንፃ ደንብ ተከትሎ መለኪያው ሜጋፓስካል እንዲሆን የአብነቱን ቃል ያርማል። እርማቱ ለወደፊቱ ትክክል ነው። ነገር ግን 1 ሜጋፓስካል 10.2 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲሜትር ያህል ስለሆነ፣ 250 የተባለው አሮጌ ውጤት በእውነቱ 24.5 ሜጋፓስካል ገደማ ነበር፤ ከእርማቱ በኋላ ግን በየገጹ 250 ሜጋፓስካል ተብሎ ይነበባል። ድልድዩ በወረቀት ላይ አሥር እጥፍ ጠነከረ ማለት ነው። አንድም ገጽ በእጅ አልተነካም፤ የገጾቹ የለውጥ መዝገብም ምንም አያሳይም፤ የተለወጠው አብነቱ ነውና። በብራና ዘመን እንዲህ ያለ ስሕተት ሊደርስ አይችልም ነበር።

ጥንቃቄው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ፣ መለኪያና የዘመን አቈጣጠር በአብነቱ አርእስት ላይ ብቻ ሳይሆን ከቁጥሩ ጋር አብረው እንዲጻፉ ማድረግ ያስፈልጋል፤ «250» ብቻውን መረጃ አይደለም። ሁለተኛ፣ በሥራ ላይ ያለ ባዶ ቦታ ትርጉሙ አይለወጥም፤ አዲስ ትርጉም ካስፈለገ አዲስ ባዶ ቦታ ይጨመራል፣ አሮጌውም ከነስሙ ይቀመጣል። ሦስተኛ፣ ለውጡ በመሞከሪያ ገጽ ላይ ከአሮጌ ገጾች ጋር ተፈትኖ፣ ከአንድ በላይ ሰው ካየው በኋላ ብቻ ወደ ዋናው ይገባል፤ ብዙ ገጾች የሚጠሩትን አብነት የማረም ሥልጣንም ኃላፊነቱ ለታወቀ ሰው ይሰጣል። አራተኛ፣ በየአብነቱ ሥር ለምን እንደተሠራና መቼ፣ በማን፣ ስለ ምን እንደተለወጠ የሚገልጽ ማስታወሻ ይኖራል።

ከሁሉም በላይ የሚበልጠው ግን ሁለቱን ዓይነት መለየት ነው። ሜድያዊኪ ራሱ አብነቱን በገጹ ላይ ለዘለቄታው ቀድቶ የሚያስቀር ትእዛዝ አለው። የአሠራር መመሪያ፣ የአድራሻ ሠንጠረዥ፣ የወረዳ መግለጫ ዘወትር መታደስ ያለባቸው ስለሆኑ ሕያው አብነት ይስማማቸዋል። የናሙና ውጤት፣ የርክክብ ሰነድ፣ ቃለ ጉባኤ ግን በአንድ ቀን የተባለውን ለኋላ ዘመን የሚመሰክሩ ናቸው፤ እነዚህ በተቀዳ አብነት ሊጻፉና እንደተጻፉ ሊኖሩ ይገባል።

አብነት የሚያበጅ መሐንዲስ ሥራው በዓይን አይታይም፤ ገጹን የሚከፍተው ሰው የሚያነበው የባልደረቦቹን ቃል ነው። በጎጃም ገጠር በወስፌና በደነዘዘ ብረት ገጹን ያሰናዳው ጸሐፊም እንዲሁ ነበር። ልዩነቱ፣ ያ ጸሐፊ ወስፌውን የሚያነሣው ገና ባልተጻፈበት ብራና ላይ ብቻ መሆኑ ነው። የዛሬው ባለሙያ የሚያሰምረው ሌሎች ቀድመው በጻፉበት ገጽ ላይ ስለሆነ፣ ለውጡን ከማጽናቱ በፊት ከእርሱ አስቀድሞ የተጻፈውን ማንበብ ግዴታው ነው።